ደባሌና የልጄ ሠርግ

ሆዴን ለዓመታት «አሜባ ነው» እያልኩ ስሸነግላት ኖርኩ። አገር ቤት ሆዱን የቆረጠው ሰው ሁሉ አሜባ ነበረበት፤ አሜባ ያልተገኘበት ደግሞ ጃርዲያ አያጣም። ስለዚህ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ኦክላንድ ገብቼ ወገቤን የሚያጥፍ ቁርጠት ሲጀምረኝ፣ አሜባዬም እንደኔው ወረቀቱን ጨርሶ የመጣ ስደተኛ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ወዳጆቼም በዚሁ ተስማሙ። አንዱ ፌጦ በሎሚ አዘዘልኝ፣ ሌላው ፌጦ በማር፣ ሦስተኛው ፌጦ በባዶ ሆድ ካልሆነ አይሠራም አለ። ሁሉንም ታዘዝኩ። በኋላ ይህን ለሐኪሙ ስናወራለት፣ ልጄ ፌጦ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ስትታገል ቆይታ በመጨረሻ «ሰናፍጭ በለው» አለችው። ሰውዬው ብዕሩን አስቀምጦ ግንባሩን አሸ። የቆሰለ አንጀቱ ላይ በየማለዳው ሰናፍጭ የሚደፋ በሽተኛ ከዚያ በፊት አላጋጠመውም መሰለኝ።

ሥራዬ መሐል ኦክላንድ፣ አንድ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ፣ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ትኬት መቀበል ነበር። ለሆድ በሽተኛ ከዚህ የከፋ ሥራ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። መኪናው ተሰልፎ ጡሩምባውን ይነፋል፤ እኔ ሳጥኑን ቆልፌ እሮጣለሁ። መጥፋቴ ሲበዛበት አለቃዬ፣ «ስማ፣ እዚህ ሕንፃ ውስጥ ሴት አለችህ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚያ ዕድሜዬ እንዲህ ተብሎ መጠርጠር ደስ ስላለኝ አልካድኩም።

አገሩንም የማውቀው በሽንት ቤቶቹ ነበር። ኤመሪቪል ካሉት ትልልቅ መደብሮች የትኛው ሳይገዙ እንደሚያስገባ፣ ፍሩትቬል ውስጥ ፊቴን አይታ ብቻ ቁልፉን የምትወረውርልኝ ዳቦ ሻጭ የት እንዳለች፣ ይህን ሁሉ በቃሌ አውቃለሁ። ሌላው ሰው አዲስ ከተማ ሲገባ ሕንፃውን ቀና ብሎ ያያል፤ እኔ በር ላይ የተለጠፈውን የሰውዬ ሥዕል እፈልጋለሁ።

ልጄ ሳን ሆዜ ትኖር ነበር፤ አንድ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። አንድ እሑድ እኔንና እናቷን ልትጠይቅ መጥታ፣ ቀበቶዬ ላይ በሚስማር የበሳኋቸውን አዳዲስ ቀዳዳዎች አየች። ሰኞ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። መጀመሪያ የአንጀት ቲቢ ጠረጠሩ፤ የመጣሁበትን አገር ሲሰሙ መቼም ሌላ ነገር አይታሰባቸውም። ከዚያ ካሜራ ሰደዱብኝ፣ ቆንጥረው መረመሩ፣ ስሙንም ነገሩኝ፤ ክሮንስ። ሐኪሙ ሰውነት ለጠላት ያዘጋጀውን ጦር በራሱ አንጀት ላይ ሲያዘምት የሚመጣ በሽታ ነው አለ። «ትንሹና ትልቁ አንጀትህ የሚገናኙበት ቦታ ቆስሎ ቆስሎ ጠቧል፣ አባዬ» ብላ ተረጎመችልኝ ልጄ። ከራስ ጋር መዋጋቱ አልገረመኝም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያደረግኩት እሱን ነው። የከፋኝ አሜባዬን ማጣቴ ነው። አሜባ ቢያንስ ይገደላል።

ፕሬድኒሶን የሚባል ክኒን ሰጡኝ። ቁርጠቱ ጋብ አለ፤ ፊቴ ግን እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ። ያገኘኝ ያገሬ ሰው ሁሉ «ተመቸህ፤ አሜሪካ ገና አሁን ገባችህ» ይለኝ ጀመር። እኔም እየሳቅኩ «ምን ላድርግ፣ ሥራው ቀሏል» እል ነበር። በሽታን መደበቅ እንዲህ ቀላል ሆኖ አያውቅም፤ ሰው ራሱ ይደብቅልሃል።

ሐኪሙ ጠንካራ እህል፣ በተለይ የተቆላ ነገር እንዳልነካ አስጠንቅቆኝ ነበር። እኔ ሰማሁት፤ እጄ ግን ከሐኪሙ ጋር አልተዋወቀም። አንድ ወዳጄ ቤት ጨዋታ ደርቶ ሳለ፣ ሱፍ የተቀላቀለበት ቆሎ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ቀና ስል ሳህኑ ባዶ ነው። በማግስቱ ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጠረ፣ የዋጥኩት ሁሉ በመጣበት ተመለሰ፤ አንጀቴ ተዘግቶ ነበር። ቀዶ ሐኪሙ የጠበበውን ቆርጦ አወጣና ሁለቱን ጫፎች ሰፋቸው፤ የተበሳ የአትክልት ማጠጫ ቱቦ ቆርጦ እንደመቀጠል ማለት ነው። «ቆርጬ አወጣሁት ማለት ተሰናበተ ማለት አይደለም» ብሎም ነገረኝ። በሽታው ተመልሶ መምጣት ይወዳል፣ ብዙ ጊዜም የሚመለሰው ስፌቱ ጋ ነው።

የኔ ግን በሽታው እስኪመለስ አልጠበቀም፤ ስፌቱ ራሱ አፈሰሰ። ገና ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ትኩሳት አንቀጠቀጠኝ፣ ሆዴ ውስጥ መግል ቋጠረ። ያ ፊቴን ያሳመረው ክኒን ለካ ቁስል እንዳይሽርም ያደርጋል። እንደገና ቀደዱኝ። ስነቃ፣ ከእምብርቴ በስተቀኝ የትንሹ አንጀቴ ጫፍ ወጥቶ፣ በላዩ ላይ ከረጢት ተለጥፎበታል። ለጊዜው ነው፤ ውስጡ ሲረጋጋ እንመልሰዋለን አሉኝ። አሮጌው ቁስል አጠገብ ደግሞ ፊስቱላ የሚሉት ቀጭን ቀዳዳ ተከፍቶ ትንሽ ትንሽ ያዥ ነበር።

ከረጢቱን ያስተማረችኝ አንዲት ፊሊፒናዊት ነርስ ናት። በመጀመሪያው ቀን ሽፋኑን አንስታ ቀዩን ነገር ስታሳየኝ፣

«ይቺ ምንድን ናት?» አልኳት።

«አንተ ነሃ» አለችኝ።

በደንብ ከተለጠፈ እንደማያፈስ፣ እንደማይሸት፣ ከፈለግኩ ዋና እንኳ መዋኘት እንደምችል ነገረችኝ። ስም አውጣለት፣ ሰዎች ሲለምዱት ስም ያወጡለታል አለችኝ። «ደባሌ» አልኩት። ኪራይ የማያዋጣ፣ ከኔ በፊት የሚጠግብ፣ ዝም ሲባል የሚያወራ ደባል። አንድ ጊዜ ባርት ባቡር ውስጥ ድምፁን ቢያሰማ፣ አጠገቤ የተቀመጡትን ሴትዮ ቀድሜ ገላመጥኳቸው። ምስኪን፣ ወንበር ቀየሩ።

ይህ ሁሉ የሆነው የልጄ ሠርግ ቀን ከተቆረጠ በኋላ ነው። «አባዬ፣ ፖስትፖን እናድርገው፤ አንተ እስኪሻልህ» አለችኝ። «ለአንጀት ተብሎ ሠርግ አይሸጋገርም» ብዬ መለስኩላት። እሷ ግን ከዚህ መልስ ውስጥ ሌላ ነገር ሳትፈልግ አልቀረችም፤ በሙሽራው ላይ ያሾፍኩት አልወጣላትም ነበር። ልጁ በሕፃንነቱ መጥቶ ሳን ሆዜ ያደገ፣ አማርኛ የሚሰማ፣ ሲናገር ግን ከእያንዳንዱ ቃል በፊት ቆም የሚል ጨዋ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን መጥቶ ሲሄድ፣ «ይሄ ልጅ አማርኛውን በካልኩሌተር ነው እንዴ የሚያወጣው?» አልኩ። ሚስቴ ሳቀች። ልጄ አልሳቀችም።

ሠርጉ በተክሊል ነበር። ያኔ ሳን ሆዜ ያለው ምእመን የራሱ ሕንፃ ስላልነበረው ከአሜሪካኖች ተከራይቶ ነበር የሚያስቀድሰው፤ ለኔ ግን ኪራይም ቢሆን ቤተ ክርስቲያን ነው። ልጅ ሆኜ ነስር ሲነስረኝ እናቴ እጄን ይዛ ከቅዳሴ ታስወጣኝ ነበር። ደም የሚፈሰው፣ ቁስሉ የሚያዥ ሰው ደጅ ቆሞ እንደሚያስቀድስ ማንም አላስተማረኝም፤ እንዲሁ አውቄው አደግኩ። ታዲያ አንጀቱን ጎኑ ላይ በከረጢት አንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው የት ይቆማል? መጠየቅ ነበረብኝ፤ ጠየቅኩም። ግን እኛ የምንጠይቅበት አጠያየቅ አለን። ቄሱ ጋ ደወልኩ። በዕድሜ ልጄ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቢሆንም አባቴ ናቸው።

«አባ፣ ይባርኩኝ።»

«እግዚአብሔር ይባርክዎ። ከሆስፒታል ወጡ? እንዴት ነው ጤናዎ?»

«ተመስገን፣ ደህና ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ብዬ ነው፤ ለአንድ ወዳጄ።»

«ይጠይቁ።»

«ቁስል አለበት፣ አባ። ያዣል። እግሩ ላይ ነው።»

ሆዱ ላይ ብላቸው ያውቁኛላ። ስለዚህ ቁስሌን ወደ እግር አወረድኩት።

«ብዙ ያዣል?»

«ኧረ ጨርቅ አይበቃውም።» ውሸት ከጀመርኩ አይቀር ለሰውዬው መቆጠብ አልፈለግኩም።

«ሽታስ?»

«ሰው አያስጠጋም።»

«እንግዲያው እስኪደርቅለት ከደጅ ሆኖ ያስቀድስ። ጠበሉም እዚያው ይወጣለታል። ግን ሰውዬውን ሳላይ መናገር ደስ አይለኝም፤ መጥቶ ያነጋግረኝ። የት ነው የሚኖረው?»

«ሩቅ ነው፣ አባ። ዩኒየን ሲቲ።»

«ዩኒየን ሲቲ? እኔ እኮ ሄይዋርድ ነኝ፤ ጎረቤቴ ነው። አድራሻውን ይስጡኝ፣ እኔው እሄዳለሁ።»

«እሱ እንኳ... አንድ ቦታ አይረጋም፤ ቤት ይቀያይራል።»

«በዚያ እግሩ?» አሉኝ።

ስልኩን ስዘጋ አልቦኝ ነበር። «መጥቶ ያነጋግረኝ» ያሉትን እዚያው ስልኩ ላይ ትቼ፣ «ከደጅ ሆኖ» የሚለውን ብቻ ይዤ ተነሣሁ። ለሚስቴም ለልጄም አልተነፈስኩም። ሚስቴ ደባሌ እንዳይጫን ብላ የሱፍ ሱሪዬን ወገቡን አስፍታልኝ፣ ኮቱንም አስረዝማልኝ ነበር። እሷ የደከመችው ከፊት ወንበር እንድቀመጥ ነው።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ልጄ አፓርታማ ውስጥ፣ እኔና ሚስቴ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጉልበት የሚሳምበት ሰዓት ደረሰ። ከድንጋጤ ብዛት ይሁን ከጾም፣ ደባሌ በአየር ተነፍቶ በሁለቱ ጭኖቼ መሐል ተኝቷል። ስቀመጥ ይባስ ገፋ አለ። ልጄ በነጭ ቀሚስ፣ ፀጉሯ ላይ አበባ ተሰክቶ መጣችና ዝቅ አለች። ቀኝ ጉልበቴን ሳመች። ከዚያ ጭንቅላቷ ወደ ግራው ሲዞር፣ ግንባሯ ከረጢቱን ሊነካው አንድ ስንዝር ሲቀረው አየሁ። ቢፈነዳስ? በዚያ ነጭ ቀሚስ ላይ። ትከሻዋን ያዝኩና ብድግ አደረግኳት።

«ይበቃል፣ ይበቃል። ተነሺ፣ ቀሚስሽ ይቆሽሻል።»

ሰው ሁሉ እያየ ነበር። ልጄ ፊቴን አየችው፤ ከዚያ ወደ እናቷ ጉልበት ሄደችና እዚያ ብዙ ቆየች። ሙሽራውም ተራው ደርሶ ሲጎነበስ፣ እሱንም ገና ሳይደርስ በአየር ላይ ተቀበልኩት። ምርቃቴ ምን እንደነበር አላስታውስም። የማስታውሰው ሁለት እጆቼ እንደ በረኛ ተዘርግተው እንደነበር ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንደርስ ቆምኩ።

«አንተ ሰው፣ ግባ እንጂ» አለችኝ ሚስቴ።

«እናንተ ግቡ። እነዚህን መኪናዎች ላስተካክል፤ ሰዉ ማቆም አይችልም።»

«ዛሬም ፓርኪንግ?»

«ሙያ ነው፤ ምን ላድርግ።»

ገላምጣኝ ገባች። ከበሮው ተጀመረ። እኔ ሱፌን ለብሼ፣ ኮቴ ላይ የሙሽራዋ አባት የሚል አበባ ተሰክቶልኝ፣ በልጄ ሠርግ ላይ መኪና አስተካከልኩ። «በል ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ቁም።» ከሙሽራው ወገን የመጣ አንድ ሰው አርፍዶ ደረሰና ቁልፉን ወርውሮልኝ እየሮጠ ገባ። አቆምኩለት። ሥራዬ ነው፤ በደንብ ነው ያቆምኩለት። በሩ በተከፈተ ቁጥር የዕጣኑ ሽታና ዜማው ብቅ ብሎ ይመለሳል። እልልታው ሲፈነዳ አክሊሉ እንደተደፋላት ገባኝ። ኮቴ ሥር ደባሌ አጉረመረመ። «ዝም በል» አልኩት። እሱ ብቻ ነበር ከኔ ጋር።

ሲወጡ ልጄ ካባዋን ለብሳ፣ አክሊሏን ደፍታ በቀጥታ ወደኔ መጣች።

«አባዬ፣ አልገባህም።»

በዚያች ደቂቃ እውነቱን መናገር ቀላል ነበር። ሁለት ሦስት ቃል ይበቃው ነበር። ምላሴ ግን የለመደው መንገድ አለው።

«የሙሽራውን አማርኛ መኪና ውስጥ ረስታችሁት እንዳይሰረቅ ስጠብቅ ነዋ» አልኳት።

ዓይኗ ውኃ ሞላ። ከዚያ ፎቶ አንሺው ጠራቸውና ሄደች። ከዚያ ወዲህ ስልክ ስትደውል እኔ ካነሣሁት «እናቴን አቅርብልኝ» ትላለች። «ደህና ነህ አባዬ?» ብላ እኮ ነው። ግን ቀጥሎ «እናቴን አቅርብልኝ።»

ወራት አለፉ። ፊስቱላው በራሱ ጊዜ ደረቀ። ቀዶ ሐኪሙም እንደገና ከፍቶ አንጀቴን ወደ ቦታው መለሰልኝ፤ ደባሌ ቤት ለቀቀ። መሄዱ ደስ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም፤ ግን የመጀመሪያውን ሰሞን እጄ ሳላዝዘው ወደ ጎኔ እየሄደ ይፈልገው ነበር።

ሰውነቴ ሲጠና ሳን ሆዜ ሄጄ አስቀደስኩ። ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ መስቀል አሳለሙኝና፣

«ያ ወዳጅዎ እንዴት ሆነ? ባለ እግሩ?» አሉኝ።

«ዳነ፣ አባ።»

«ተመስገን። ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። በስልክ ቸኩዬ የመለስኩ እየመሰለኝ ከንክኖኛል። ሕመም እኮ ኃጢአት አይደለም። መጥቶ ቢያነጋግረኝ፣ ቁስሉ በደንብ ታሽጎ፣ እዚያ ጋ ወንበር አስቀምጥለት ነበር።» በእጃቸው ከበሩ ወደ ውስጥ ያለችውን ጥግ አሳዩኝ። «ካስቸገረውም ለመውጣት ቅርብ ነው።»

ሕዝቡ ሲበተን ሄጄ ጥጓ ላይ ቆምኩ። ከዚያ ሁሉም ነገር ይታያል። ሙሽሮቹ የሚቆሙበትም ቦታ ሳይቀር። ነርሷ አያፈስም ብላኛለች፤ አይሸትም ብላኛለች። ሽታው ሰው የማያስጠጋ፣ ጨርቅ የማይበቃው ሰውዬ ከአፌ በቀር የትም አልነበረም። ለሌለ ሰው የተሰጠ መልስ ይዤ ነው ልጄ ስትዳር ደጅ የቆምኩት።

ካሴቱን ያየሁት ከዚህ በኋላ ነው። የሠርጉን ቪዲዮ ሚስቴ ደጋግማ ስታየው እኔ ሰበብ እየፈለግኩ ከሳሎን እወጣ ነበር። አንድ ቅዳሜ፣ ልጄ ለምሳ እንደምትመጣ እያወቅኩ፣ ብቻዬን ከፈትኩት። ዲያቆኑ አክሊሉን ያመጣል፤ ቄሱ ይደፉላታል፤ እልልታው ይቀልጣል። እሷ ግን በዚያ ሰዓት ወደ ፊት አይደለም የምታየው፤ አንገቷን ወደ በሩ ታዞራለች። ካሜራ ያዡ ምን አየች ብሎ ዓይኗን ይከተላል። ከጨለማው ውስጥ የበሩ ብርሃን ይመጣል፤ እዚያ ብርሃን ውስጥ አንድ ሱፍ የለበሰ ሽማግሌ፣ የሰው ቁልፍ በእጁ ይዞ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ለመኪና እጁን ያወናጭፋል።

ልጄ ስትገባ አልሰማኋትም። ቆማ ከኔ ጋር አየችው። ዘጋሁት።

«ከረጢቱን ይዤ መግባት የማይቻል መስሎኝ ነው» አልኳት።

«ማን ነው ያለህ?»

«አባን ጠይቄ። ለአንድ ወዳጄ ብዬ።»

«የቱ ወዳጅህ?»

«ዩኒየን ሲቲ ያለው።»

ሳቋ አመለጣት፤ ከዚያ ተቀመጠች። «አባዬ፣ ሰርጀሪውን ኤክስፕሌን ያደረግኩልህ እኔ፣ ሆስፒታል ዶክተሩን ኮል ያደረግኩት እኔ። ከረጢቱን እኔን ደበቅከኝ?»

«ቀሚስሽ ነጭ ነበር።»

«እኔ እኮ እሱን የጠላኸው መስሎኝ ነው። ጉልበትህንም የነሣኸኝ...» አለችና አቋረጠች። «አንዱን ብቻ ነው የሳምኩት፤ ታውቃለህ?»

«ግራው አለልሽ» አልኳት። «የትም አልሄደም።»

ጎንበስ ለማለት ሞከረች። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሆዷ አላስኬድ ብሏት፣ የሶፋውን ክንድ ይዛ መለስ አለች። «ኖ፣ አልችልም፣ አባዬ። ልውለድና።»

«ልውለድና» ብላኝ ወለደች። ክርስትናው ላይ ከሁሉ ቀድሜ ገባሁ፤ ልጁም የኔ ስም አልወጣለትም፣ ተረፈ። አባቱ ከሁላችንም በላይ አማርኛ አስተማረው። ከልጄ ጋር ስንገናኝ እንስቃለን፣ ስለ ዩኒየን ሲቲው ወዳጄ ጤንነት ትጠይቀኛለች። የጉልበቱን ነገር ግን እሷም አላነሣችው፣ እኔም አላስታወስኳትም። እንዲህ ያለ ነገር ተለምኖ አይሰጥም፤ ቀኑ አንድ ነበር፣ ያንን ቀን በሁለት እጄ ወደ ላይ አንሥቼ መልሼዋለሁ።

የግራ ጉልበቴ ዛሬም ብርድ ሲሆን ያመኛል። ሐኪሙ የእርጅና ነው ይላል። ይሁንለት።